ልጁ ኮሌጅ ገባ፤ ክፍያውስ? የሐበሻ ቤተሰብና የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ

በየዓመቱ ከማርች እስከ ሜይ፣ በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትልና በዳላስ ያሉ ሐበሾች ወሬ ይመሳሰላል። የማን ልጅ የት ገባ? በዚህ ወሬ ውስጥ ሁለት ነገር ተደጋግሞ ይሰማል። አንዱ «አራት ነጥብ ያላት ልጅ ተከለከለች፣ ከሷ ያነሰው ገባ» የሚል ነው። ሌላው «ገብቶ ነበር፣ ግን ከአቅማችን በላይ ሆነ» የሚል ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው። መፍትሔያቸውም እንደዚያው።

ሁለተኛው ጉዳይ አሁን የበለጠ አሳሳቢ ሆኗል። በጁላይ 2025 በፕሬዚዳንት ትራምፕ ፊርማ ሕግ የሆነው ትልቁ የታክስና የበጀት ሕግ፣ ወላጆች ለልጆቻቸው ትምህርት ከፌዴራል መንግሥት የሚበደሩትን ገንዘብ ገድቧል። ገደቡ የሚጀምረው ጁላይ 1 ቀን 2026 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እስካሁን «የጎደለውን ወላጅ ይበደራል» በሚል ይዘጋ የነበረው ቀዳዳ፣ ከእንግዲህ በብዙ ቤት ክፍቱን ይቀራል።

የአብዛኛው ቤተሰብ ትኩረት ልጁ ተቀባይነት እንዲያገኝ ብቻ ነው። ገንዘቡ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። በዚህ አገር ግን ሁለቱ እኩል ክብደት አላቸው። የገንዘቡን ክፍል ደግሞ ልጁ ብቻውን ሊወጣው አይችልም።

ግራ መጋባቱ ከየት መጣ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ወላጅ የሚያውቀው መንገድ ሌላ ነው። በመጨረሻው ክፍል ብሔራዊ ፈተና አለ፤ በድሮው አጠራር ማትሪክ። ውጤት ይወጣል፣ የመቁረጫ ነጥብ ይነገራል፣ ተማሪው ምርጫውን ይሞላል፣ መንግሥት ይመድበዋል። ዶርሙና ካፌው ከምደባው ጋር ይመጣል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የወጪ መጋራት ውል አለ። እሱም ቢሆን በአብዛኛው የሚከፈለው ተመርቆ ሥራ ከተያዘ በኋላ ነው። ስለዚህ ነጥብ ያመጣ ተማሪ ገባ ማለት ነው፤ የገባ ደግሞ ተማረ።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ጥቅል ተፈትቷል። የሚመድብ መንግሥት የለም። በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሌጆች እያንዳንዳቸው በራሳቸው መስፈርት ይመርጣሉ። ተቀባይነት ማግኘት አንድ ውሳኔ ነው። ምን ያህል እርዳታ ይሰጠዋል የሚለው ሌላ ውሳኔ ነው፤ ብዙ ጊዜም በሌላ ቢሮ፣ በሌላ ፎርም፣ በሌላ የማብቂያ ቀን ይወሰናል። በአንዱ ተሳክቶለት በሌላው የሚወድቅ ተማሪ የሚኖረው ለዚህ ነው።

እንደ ማትሪክ ነጥብ የሚመስል አሠራር ጭራሽ የለም ማለት ግን አይደለም። ለምሳሌ ቴክሳስ በ1997 ባወጣው ሕግ፣ ከክፍለ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በደረጃ ከፊተኛው 10 በመቶ ውስጥ ሆኖ የሚጨርስ ተማሪ ወደ ሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ ይገባል። ኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ግን ፈላጊው ስለበዛ መስፈርቱን እያጠበበ ሄዷል። በ2026 ፎል (ከክረምት እረፍት በኋላ በሚጀምረው ሴሚስተር) ለሚገቡ 5 በመቶ አድርሶታል። ዳላስና ሂዩስተን ያለ ቤተሰብ ይህን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ማወቁ ይጠቅመዋል።

አራቱ ዓመታት

ኮሌጆች መጀመሪያ የሚያዩት ትራንስክሪፕቱን ነው። ትራንስክሪፕት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተወሰዱ ትምህርቶችና ውጤቶች መዝገብ ነው። ጂፒኤ የሚባለው አማካይ ውጤት ከዚህ ይወጣል። ጂፒኤ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። «ልጁ ምን ወስዶ ነው ኤ ያመጣው?» የሚለው እኩል ይመዘናል። ኤፒ የሚባሉት ኮርሶች በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጡ ከባድ ትምህርቶች ናቸው፤ ማጠቃለያ ፈተናቸውም ከ1 እስከ 5 ይታረማል። ቀላል ኮርሶች ወስዶ አራት ነጥብ ያመጣ ተማሪ፣ ከባዶቹን ወስዶ ጥቂት ቢ ካለበት ተማሪ ሊያንስ ይችላል። «ያነሰው ገባ» ከሚባሉት ታሪኮች የተወሰኑት እዚህ ጋ መልስ ያገኛሉ።

ሒሳብ ላይ ደግሞ ውሳኔው ቀድሞ ይመጣል። አልጀብራ አንድን በ8ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ በተለመደው ቅደም ተከተል 12ኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ ይደርሳል። በ9ኛ የጀመረው አንድ ዓመት ካላካካሰ አይደርስም። ኢንጂነሪንግ ለሚያስብ ልጅ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ምርጫው የሚደረገው በ6ኛና በ7ኛ ክፍል ነው። አብዛኛው ወላጅ በዚያ ጊዜ ስለ ኮሌጅ ገና አላሰበም።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ በ15 እና በ16 ዓመታቸው የሚመጡ ልጆች ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባል። እነዚህ ልጆች እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ወደሚያስተምር ክፍል ይገባሉ። አገር ቤት የጨረሱት ትምህርት ግን በራሱ አይቆጠርላቸውም። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ማህተሙ ሳይጎድል ተይዞ ከመጣ፣ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ገምግሞ ክሬዲት ሊሰጥ ይችላል። ወረቀቱ ከሌለ ልጁ ያለፈውን ደግሞ ሊማር ይችላል። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ ከመነሳት በፊት ትምህርት ቤት ሄዶ ማስወጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። እዚህ ከደረሱ በኋላ በዘመድ በኩል ማስወጣት ወራት ሊፈጅ ይችላል።

የፈተናው ክርክር

ኤስኤቲ ከ1600 የሚታረም የመግቢያ ፈተና ነው። ከማርች 2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥም በኮምፒውተር ሆኗል። በኮቪድ ጊዜ አብዛኞቹ ኮሌጆች ፈተናውን አማራጭ አደረጉት፤ የፈለገ ውጤቱን ይልካል፣ ያልፈለገ ይተዋል። አሁን ነገሩ ተቀላቅሏል። ኤምአይቲ በ2022 ግዴታነቱን መለሰ። ዳርትማውዝ፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024 ተከተሉ። በአንጻሩ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውጤት ቢላክለትም ለመቀበል አያየውም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ኮሌጆች ዛሬም ለተማሪው ምርጫ ትተውታል።

ፈተናውን የሚቃወሙት ውጤቱ ከቤተሰብ ገቢ ጋር አብሮ እንደሚጨምር ያነሳሉ። አስጠኚ መቅጠር የሚችልና የማይችል እኩል አይፈተኑም ይላሉ። ይህ እውነት ነው። የሚደግፉት ደግሞ የዳርትማውዝን ጥናት ይጠቅሳሉ። ኮሌጁ የራሱን መረጃ ሲመረምር፣ አቅም ከሌላቸው ቤተሰቦች የመጡ ተማሪዎች ሊጠቅማቸው ይችል የነበረ ውጤት ሳይልኩ መቅረታቸውን አገኘ። ከሀብታም ትምህርት ቤት ለመጣ ልጅ ዝቅተኛ የሆነ ነጥብ፣ ደካማ ትምህርት ቤት ለተማረ ልጅ ትልቅ ማስረጃ ነው። ልጁ ግን ይህን የሚነግረው ስላጣ ደበቀው። በእኔ ግምት የሐበሻ ልጆች ብዙዎቹ ከዚህ ሁለተኛ ወገን ናቸው። ስለዚህ «አማራጭ ነው» ተብሎ ፈተናውን ጭራሽ መተው ጥሩ ምክር አይደለም። ካን አካዳሚ በሚባለው የኢንተርኔት የትምህርት ገጽ ላይ ማዘጋጃው በነጻ አለ። የትምህርት ቤት ምሳ በነጻ የሚያገኝ ተማሪ የፈተናውን ክፍያም በነጻ ማስደረግ ይችላል። የትምህርት ቤቱን አማካሪ (ካውንስለር) መጠየቅ ብቻ ነው።

ስለ ራስ መናገር

ከአንድ ሺህ በላይ ኮሌጆች «ኮመን አፕ» የሚባለውን የጋራ ማመልከቻ ይቀበላሉ። በውስጡ እስከ 650 ቃል የሚደርስ ድርሰት አለ፤ ልጁ ስለ ራሱ የሚጽፈው። ከትምህርት ውጭ የሚሠራቸውን እስከ አሥር ነገሮች የሚዘረዝርበት ክፍልም አለ። የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ይጨመራል።

የኛ ልጆች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ራሳቸውን ይጎዳሉ። ራስን ማወደስ ነውር ነው ብለን አሳድገናቸዋል። የቤት ገመና አይወራም ብለናቸዋል። ጨዋ ልጅ በትልቅ ፊት ዝም ይላል ብለናል። ያ ጨዋነት ዋጋ አለው። ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ተማሪ ግን የድጋፍ ደብዳቤው «ታታሪና ጸጥተኛ ነው» ከሚል አይዘልም። ልጁ ቢያንስ ሁለት መምህራን በደንብ እንዲያውቁት ማድረግ አለበት። ለዚህ ጊዜው 11ኛ ክፍል ነው።

የእንቅስቃሴው ዝርዝርም ይታለፋል። «ስፖርት አልሠራም፣ ክበብ የለኝም» ብሎ ባዶ የሚተው ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሁለት ታናናሾቹን ይጠብቃል። ቅዳሜ የአባቱን ሱቅ ይዞ ይውላል። ለእናቱ ሐኪም ቤት ያስተረጉማል። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ መዝሙር ያስጠናል፤ ወይም መስጊድ ውስጥ ትንንሾቹን ቁርአን ያስቀራል። ማመልከቻው «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል ምድብ አለው። ይህ ሁሉ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ጭምር ይጻፋል። አንባቢዎቹ ይህን እንደ ቁም ነገር ያዩታል። ሊያዩት የሚችሉት ግን ሲጻፍ ነው።

ድርሰት ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ ስለ ዘር። በጁን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ በቀረበው ክስ፣ ዘርን በራሱ እንደ ነጥብ መቁጠርን ከልክሏል። «ጥቁር ስለሆነ ይገባል» የሚለው አባባል ከዚያ በፊትም የተጋነነ ነበር፣ አሁን ደግሞ መሠረት የለውም። ተከትሎ የመጣው ለውጥ በየቦታው የተለያየ ነው። በኤምአይቲ የመጀመሪያው ዓመት ጥቁር ገቢዎች ቀደም ሲል ከነበረው 13 በመቶ ገደማ ወደ 5 በመቶ ወርደዋል። በዬል ግን ብዙ ለውጥ አልታየም። ውሳኔው ራሱ አንድ በር ትቷል። ተማሪው ማንነቱ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን ነገር ራሱ ከጻፈ፣ ኮሌጁ ከልጁ ባሕርይና ችሎታ ጋር አያይዞ ሊያየው ይችላል።

የተጻፈውና የሚከፈለው ዋጋ

ዓመታዊ ወጪያቸው ከ90,000 ዶላር ያለፈ የግል ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ብዙ ወላጅ ይህን አይቶ «ይሄ የኛ አይደለም» ይላል። ልጁም አፕላይ ሳያደርግ ይቀራል። ያ ቁጥር ግን የመለያ ዋጋ ነው። ቤተሰቡ የሚከፍለው እርዳታው ከተቀነሰ በኋላ ያለውን ነው፤ የተጣራ ዋጋ የሚባለው። ሃርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር የሆነና የተለመደ መጠን ያለው ንብረት ያላቸው ቤተሰቦች ምንም እንዳይከፍሉ ወስኗል። እስከ 200,000 ዶላር ለሆኑት የትምህርት ክፍያው ነጻ ነው። ኤምአይቲም ተመሳሳይ ደንብ አለው። እነዚህ ቦታዎች ከመቶ አመልካች ከአምስት በታች ነው የሚቀበሉት፤ ተስፋን ሁሉ እዚያ መጣል አያዋጣም። የሚያሳዩት ነገር ግን አለ፤ ገቢው መካከለኛ ለሆነ ቤተሰብ ውድ የተባለው ኮሌጅ ከሰፈሩ ዩኒቨርሲቲ ሊረክስ ይችላል።

ተቃራኒውም አለ። በመካከለኛ ደረጃ ያሉ፣ ስማቸው የሚያምር፣ ግን ብዙ እርዳታ የማይሰጡ የግል ኮሌጆች አሉ። ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ በብዛት የሚከቱት እነዚህ ናቸው።

ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል እርዳታ የሚቀበሉ ኮሌጆች ለአዲስ ገቢዎች የተጣራ ዋጋን የሚገምት ማስያ ዌብሳይታቸው ላይ እንዲያስቀምጡ በሕግ ይገደዳሉ። ታክስ የተሠራበትን ወረቀት ይዞ ቁጭ ማለትን ይጠይቃል። ግምት ነው፣ ቃል ኪዳን አይደለም። ቢሆንም አንድ ቤተሰብ ይህን 11ኛ ክፍል ላይ በአምስትና ስድስት ኮሌጆች ቢሞክረው፣ የማመልከቻ ዝርዝሩ ከሥሩ ሊቀየር ይችላል።

የነዋሪነት ጉዳይም አለ። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ለክፍለ ግዛታቸው ነዋሪ በጣም ይቀንሳሉ። ሚኒሶታ ከ2024 ፎል ጀምሮ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆኑ ቤተሰቦች የሕዝብ ኮሌጆችን የትምህርት ክፍያ ሸፍናለች። ዲሲ የራሷ ሰፊ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስለሌላት፣ ነዋሪዎቿ በሌላ ክፍለ ግዛት የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ የዋጋውን ልዩነት የሚያቃልል የድጎማ ፕሮግራም አላት። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እየተዘዋወረ የሚከራይ ቤተሰብ፣ ልጁ 11ኛ ክፍል ሲደርስ የት ቢኖር እንደሚሻለው ማስላቱ አይከፋም።

ፋፍሳ፦ ወላጅ የሚፈተንበት ፎርም

ፋፍሳ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ነው። ነጻ ነው። የቤተሰቡን ገቢና ንብረት አይቶ፣ ቤተሰቡ ምን ያህል መክፈል እንደሚችል የሚገምት አንድ ቁጥር ያወጣል። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ ገንዘብ በዚህ ይወሰናል፤ ለ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። የክፍለ ግዛትና የኮሌጅ እርዳታም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይነሳል።

ፎርሙ እንደ ደንቡ ለቀጣዩ ዓመት በኦክቶበር 1 ይከፈታል። በ2023 በአዲስ መልክ ሲሠራ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ዘግይቶ ብዙ ቤተሰብ አጉላላ። አሁን ወደ ጊዜው ተመልሷል። የማብቂያ ቀን በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ሜሪላንድ እንደተለመደው ማርች 1 ነው። «እስኪገባ እንጠብቅ» ያለ ቤተሰብ የክፍለ ግዛቱን ገንዘብ ያጣል፤ የመቀበያ ደብዳቤዎች በብዛት የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነውና።

በሐበሻ ቤት የሚነሱ ጥያቄዎች የራሳቸው መልክ አላቸው።

አዲስ አበባ ያለው ቤት ይቆጠራል? ቤተሰቡ አሜሪካ ውስጥ የሚኖርበት ቤት በፋፍሳ አይቆጠርም። ሌላ ቤት ግን፣ ኮንዶሚኒየምም ይሁን ቪላ፣ ውጭ አገር ቢሆንም ንብረት ነው። ፎርሙ ስለ ንብረት ከጠየቀ በዶላር ተተምኖ ይጻፋል። የቤተሰብ ገቢ ከ60,000 ዶላር በታች ሆኖ የታክስ ወረቀቱ ቀላል ከሆነ፣ ወይም ቤተሰቡ ፉድ ስታምፕና ሜዲኬይድ ከመሰሉት ድጎማዎች አንዱን የሚያገኝ ከሆነ፣ የንብረት ጥያቄው ጭራሽ ይታለፋል። እዚህ ላይ ኡበርና ታክሲ የሚነዱ ወላጆች ይጠንቀቁ። የግል ሥራ የተጣራ ትርፋቸው ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ፣ ገቢያቸው ከ60,000 ዶላር በታች ቢሆንም ይህ የ60,000 ዶላሩ ነጻነት አይመለከታቸውም።

የዕቁብ ገንዘብስ? ፎርሙ በተፈረመበት ቀን ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብ ሁሉ ይቆጠራል። ዕቁብ የወጣለት ሰው ቀሪውን ዙር መክፈል እንዳለበት ቀመሩ አያውቅም። ግን የሚፈራውን ያህል አይደለም። ከወላጅ ንብረት የሚታሰበው ቢበዛ 5.64 በመቶ ነው። 20,000 ዶላር ዕቁብ ቢበዛ 1,128 ዶላር ይጨምራል። ያው ገንዘብ በልጁ ስም ቢቀመጥ ግን 20 በመቶ፣ ማለትም 4,000 ዶላር ይታሰባል። በልጅ ስም መቆጠብ ደግ ሐሳብ ነው፤ በዚህ ቀመር ግን ይጎዳል።

አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ አይቀነስም። እናትና አባቱን፣ እህቱንና የእህቱን ልጆች የሚያስተዳድር ሰው፣ በፎርሙ ላይ ደመወዙ ሙሉ በሙሉ የራሱ ሆኖ ይታያል። እዚያ ያሉት ወላጆቹም ከቤተሰብ ቁጥር አይገቡም። ይህ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። ማስታገሻው ወደ ኮሌጁ የፋይናንስ እርዳታ ቢሮ በማስረጃ ማመልከት ነው። ቢሮው ልዩ ሁኔታን አይቶ የማስተካከል ሥልጣን አለው፤ የማስተካከል ግዴታ ግን የለበትም።

አነስተኛ ንግድ ያላቸው ደግሞ ጥሩ ዜና አላቸው። በ2024–25 እና በ2025–26 ዙሮች የምግብ ቤት ወይም የሱቅ ዋጋ ይቆጠር ነበር። አዲሱ ሕግ ከ2026–27 ጀምሮ ቤተሰቡ የሚቆጣጠረውን አነስተኛ ንግድ ከንብረት ቆጠራው መልሶ አውጥቶታል። ትርፉ ግን እንደ ገቢ መታሰቡ አልቀረም።

በአጎት ወይም በአክስት ቤት የሚኖር ልጅ ጉዳይ ብዙ ያደናግራል። አጎት በሕግ ልጁን ጉዲፈቻ ካላደረገ ወላጅ አይደለም፤ ገቢውም አይሞላም። የሚጠየቁት ወላጆቹ ናቸው፣ ኢትዮጵያም ሆነ ሳውዲ ቢኖሩ። በፍርድ ቤት ሕጋዊ አሳዳጊ ከተሾመ ግን ልጁ ራሱን እንደቻለ ተቆጥሮ ብቻውን ይሞላል። በትዳር ላይ ያሉ ወላጆች አንዱ እዚህ፣ ሌላው አገር ቤት ከሆኑና ታክስ በጋራ ካልሠሩ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን አካውንት ከፍተው መስማማት አለባቸው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ሰውም አካውንት መክፈት ይችላል። ከሚጠየቁት አንዱ እንኳ ፈቃዱን ካልሰጠ፣ ልጁ የፌዴራል እርዳታ አያገኝም።

የልጁ የመኖሪያ ሁኔታም ወሳኝ ነው። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ተብሎ የገባና ጥገኝነቱ የጸደቀለት ማመልከት ይችላሉ። ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠብቅ ወይም በጊዜያዊ ከለላ ብቻ ያለ ልጅ የፌዴራል ገንዘብ አያገኝም። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶችና ኮሌጆች ግን ለእነሱ የራሳቸው እርዳታ አላቸው። ልጁ ዜጋ ሆኖ ወላጆቹ ወረቀት የሌላቸው ከሆነ፣ ልጁ መብት አለው። መረጃ መስጠቱ የሚያሰጋቸው ወላጆች ከመሙላታቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክሩ ይሻላል።

አዲሱ የብድር ገደብ

ወላጅ የሚወስደው የፌዴራል ብድር ፓረንት ፕላስ ይባላል። እስካሁን ከእርዳታው የተረፈውን ወጪ ሙሉ በሙሉ መበደር ይቻል ነበር። የመክፈል አቅም በቅጡ አይጠየቅም ነበር። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ በአንድ ልጅ በዓመት 20,000 ዶላር፣ በጠቅላላ 65,000 ዶላር ነው ጣሪያው። ቀደም ብለው መበደር ለጀመሩና ልጃቸው በትምህርት ላይ ላለ ወላጆች የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጥቷል።

በቁጥር እንየው። የዓመት ወጪው 60,000 ዶላር የሆነ ኮሌጅ 25,000 እርዳታ ሰጠ እንበል። 35,000 ይቀራል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ራሱ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው ቢበዛ 5,500 ነው። ወላጅ 20,000 ይበደራል። 9,500 ዶላር በእጅ መከፈል አለበት። ከሁሉ የሚከፋው አራተኛው ዓመት ነው። ወላጅ በሦስት ዓመት 60,000 ከወሰደ ለመጨረሻው ዓመት የሚቀረው 5,000 ብቻ ነው። ልጁ ሊመረቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ገንዘቡ ያልቃል ማለት ነው።

ሕጉን የሚተቹ ወገኖች፣ ቁጠባ የሌላቸው ቤተሰቦች ወለድና ውሉ ወደሚከብደው የባንክ ብድር ይገፋሉ ይላሉ። የሚደግፉት ደግሞ ወሰን የሌለው ብድር ኮሌጆች ዋጋ እንዲጨምሩ አበረታቷል፣ ወላጆችንም በጡረታ ዕድሜያቸው ባለዕዳ አድርጓል ይላሉ። ሁለቱም ትክክለኛ ነገር ይዘዋል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ዘግይቶ ወደዚህ አገር የመጣና ትንሽ የጡረታ ቁጠባ ያለው ወላጅ መቶ ሺህ ዶላር ባይበደር ለሱ ይሻለዋል። ጉዳቱ የሚብሰው ሳያሰሉ በጀመሩት ላይ ነው። ስለዚህ የአራቱን ዓመት ሒሳብ ልጁ ከመግባቱ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ መሥራት የግድ ሆኗል።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያሳፍራል?

በኛ ማኅበረሰብ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እንደ ሁለተኛ ዕጣ ይታያል። ገንዘቡ ሲታይ ግን ጠንካራ አማራጭ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በተዘጋጀ መስመር መሻገር ይቻላል፤ ሁለቱ ተቋማት ይህን በ2018 የጋራ ፕሮግራም አድርገውታል። ሜሪላንድ ላይ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ብዙ የሐበሻ ልጆችን አሻግሯል። የመጨረሻው ዲግሪ ላይ የሚጻፈው የተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ ስም ነው።

አደጋውም መነገር አለበት። በአገር አቀፍ ደረጃ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀማሪዎች ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ የሚሻገሩት ሲሶ ያህሉ ናቸው። ብዙዎች ሥራ ይጎትታቸዋል። ወይም የማይተላለፍ ኮርስ ወስደው ጊዜና ገንዘብ ያባክናሉ። ይህ መንገድ የሚሠራው የሚሻገሩበት ዩኒቨርሲቲና የትምህርት መስክ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ተለይቶ ሲታወቅ ነው።

የሚከፈላቸው አማካሪዎች

ትምህርት ቤቶች ካውንስለር አላቸው። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን አንድ ካውንስለር በአማካይ ከ350 በላይ ተማሪ ይይዛል። የሙያ ማኅበሩ የሚመክረው 250 ነው። ይህን ክፍተት የሚሞሉ የግል አማካሪዎች ተፈልፍለዋል። ሥራውን ለመሥራት ፈቃድ አይጠየቅም። ጎበዞች አሉ። «ስኮላርሺፕ በእርግጠኝነት አስገኛለሁ» ወይም «ፋፍሳ በክፍያ እሞላለሁ» የሚል ግን መሸሽ ያለበት ነው። ገቢን አሳንሶ መሙላት በሕግ ያስጠይቃል፤ የፈረመው ደግሞ ወላጁ ነው።

ደብዳቤው ሲመጣ

የእርዳታ ደብዳቤ የሚነበብበት መንገድ አለ። ብዙ ኮሌጆች ግራንት፣ ብድርና የግቢ ውስጥ ሥራን አንድ ላይ ደምረው «እርዳታዎ ይህን ያህል ነው» ይላሉ። ከጠቅላላ ወጪው የሚቀነሰው ግራንትና ስኮላርሺፕ ብቻ ነው። ብድር ይመለሳል። የሥራው ገንዘብ የሚገኘው ከተሠራ በኋላ ነው። ስኮላርሺፑ ለአራቱም ዓመት ይታደሳል ወይስ ለአንድ ዓመት ነው? ለማሳደስ ስንት ጂፒኤ ይጠይቃል? ይህ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት።

ልጁ ኧርሊ ዲሲዥን በሚባለው መንገድ ካመለከተ ይህን ማወዳደር አይችልም። ያ መንገድ ከተቀበሉት እንዲገባ የሚያስገድድ ውል ነው፤ መውጫ የሚኖረው እርዳታው በእርግጥ የማይበቃ ሲሆን ነው። ኧርሊ አክሽን ግን ቀድሞ ማመልከት ብቻ እንጂ ግዴታ የለበትም። ዋጋ ማወዳደር ለሚያስፈልገው ቤተሰብ ሁለተኛው ይሻላል።

ደብዳቤው ካነሰ ይግባኝ አለ። ፋፍሳ የሚያየው የሁለት ዓመት የቆየ ታክስ ነው፤ ለ2026–27 የ2024 ገቢ ይታያል። ከዚያ ወዲህ ሥራ የጠፋበት፣ የታመመ፣ መኪናው ተበላሽቶ ታክሲውን ያቆመ ወላጅ ይህን በማስረጃ ለቢሮው ይጽፋል። የተሻለ የሰጠ ተመሳሳይ ኮሌጅ ካለ ያም ደብዳቤ ይያያዛል። መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ቢሮው በየዓመቱ የሚሠራው የተለመደ ሥራ ነው። ሁልጊዜ አይሳካም። የአብዛኞቹ ኮሌጆች የመወሰኛ ቀን ሜይ 1 ስለሆነ፣ ደብዳቤው በደረሰ በሳምንቱ ቢጻፍ ለመልሱ ጊዜ ይኖራል።